ፓርቲ የሚቀያይሩ አባት

ጥያቄ፦ አባቴ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ለብዙ ዓመታት የአንድ ፓርቲ ጽኑ ደጋፊ ነበሩ፤ እኔንም አባል ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። አብሯቸው የዘመተ ጓደኛቸው የጉዳት ካሳ ተከልክሎ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት በሞተበት ዓመት ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ዞሩ። ያ ፓርቲ ሥልጣን ይዞ አዲስ ዘመቻ ሲያውጅ ደግሞ እሱንም ተዉት። በቅርቡ በሰው ፊት «ተገለባባጭ» ብያቸው ተኳርፈናል። እንዴት ወደ ልቡናቸው ልመልሳቸው?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ከፓርቲዎቹ ይልቅ ያሳሰበኝ፣ የዚያን ጓደኛ ሞት ዓመተ ምሕረት ለመጠቆም ያህል ብቻ ጠቅሰው ማለፍዎ ነው። ማን እንደነበረ፣ አባትዎ ሐዘኑን እንዴት እንደተቀበሉት አልጻፉልኝም፤ ምናልባት ጠይቀዋቸውም አያውቁም።

ጆናታን ሼይ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ለዓመታት ሲያክሙ፣ ሞትን ፊት ለፊት ከማየት ከሚመጣው ድንጋጤና ቅዠት ሌላ አንድ ቁስል አስተዋሉ፤ ይኸውም ሕይወት አደጋ ላይ በወደቀበት ሰዓት፣ ሕጋዊ ሥልጣን ያለው አካል ትክክል የሆነውን ሲክድ የሚደርስ ቁስል ነው። በሙያችን የሞራል ጉዳት እንለዋለን። በግንባር ሰውን አጽንቶ የሚያቆመው ከመፈክሩ ይልቅ ግራና ቀኙ ያለው ጓዱ ነውና፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ፓርቲን የሚመዝነው ብዙውን ጊዜ ለዚያ ጓድ የተገባው ቃል በመጠበቁ ወይም በመታጠፉ ነው። የአባትዎን ሁለት ውሳኔዎች በዚህ ዓይን ቢያዩዋቸው፣ የመጀመሪያው የቆሰለው ሲጣል፣ ሁለተኛው ሌሎች ወጣቶች ለተመሳሳይ ዕጣ ሲጠሩ የተወሰኑ ናቸው። ለእኔ ይህ መገለባበጥ አይመስለኝም፤ ታማኝነታቸው ከጥንቱም ለፓርቲ አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። በእርግጥ ተመሳሳይ ቁስል አንዱን ጦርነትን አጥብቆ የሚቃወም፣ ሌላውን የበለጠ ኃይል ይኑር የሚል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከነጭራሹ የማይመርጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ የአባትዎ ምርጫ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም።

ክህደት ያቆሰለውን ሰው ግን በሰው ፊት ከሃዲ እንደማለት የሚከብድ ነገር ጥቂት ነው። የእርስዎም ቁጣ ከፖለቲካ የመጣ ብቻ አይመስለኝም። እጅዎን ይዘው ያስገቡዎ አባት ሳያማክሩዎ ወጥተው ሄደዋል፤ ብቻዬን ተውከኝ የሚል ቅሬታ ካለ ቅሬታው ተገቢ ነው፣ ነገር ግን በስሙ ይነገራቸው እንጂ በፓርቲ ክርክር አይሸፈን።

ብዙ መላ የለኝም። የሚቻል ከሆነ ብቻቸውን ሲሆኑ ስለ ቃሉ ይቅርታ ይጠይቋቸው፤ ምርጫን ሳያነሱ ስለ ጓደኛቸው ይጠይቋቸው፤ ዝም ካሉም አይጫኗቸው፣ ወራት ሊወስድ ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ ወይም መጠጥ ማብዛት ካዩባቸው ግን ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለምና፣ ከቀድሞ ወታደሮች ጋር የመሥራት ልምድ ያለው ባለሙያ በአካል ቢያገኙ መልካም ነው። እምቢ ቢሉ እንኳ እርስዎ አስቀድመው ብቻዎን ቢሄዱ አይከፋም።