ክኒኑን ዘልዬ ብመረመርስ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ታይሮይድ መድኃኒት ናቸው፤ አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ሲያንስ በምትኩ ስለሚዋጠው ሌቮታይሮክሲን።

«ሌቮታይሮክሲን 100 እወስዳለሁ። በወር ስምንት ዘጠኝ ቀን ይረሳኛል። ምርመራው ሲቃረብ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳላዛንፍ ዋጥኩ። ቲኤስኤች 14 ሆነ፣ ፍሪ ቲ4 ግን ደህና ነው ተባልኩ። ሐኪሜ መጠኑን ሊጨምሩልኝ ነው። መርሳቴን አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ።» (ከደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ሳይጨምሩት ይንገሯቸው። ፍሪ ቲ4 የሚለካው ደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን ስለሆነ በጥቂት ቀን ክኒን ከፍ ይላል። ቲኤስኤች ግን ዘገምተኛ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «ሆርሞን አነሰኝ» እያለች የምትልከው ትእዛዝ ስለሆነ፣ እስኪረጋጋ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ለአዋቂ የተለመደው ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው። የእርስዎ 14 የሚናገረው ያለፉትን ወራት እንጂ ያለፈውን ሳምንት አይደለም። ሐኪሙ ይህን ካላወቁ ክኒኑ ያነሰ ይመስላቸዋል። ከዚያ የተጨመረውን በትክክል መውሰድ ሲጀምሩ ይበዛብዎታል፦ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እየቆየም አጥንት ይሳሳል። ማፈርዎ ይገባኛል፤ በየቀኑ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን መርሳት ግን የብዙ ሰው ችግር ነው። አሁን ያለዎትን መጠን ሳያቋርጡ ስድስት ሳምንት ወስደው እንደገና ቢመረመሩ ይሻል እንደሆነ ይጠይቋቸው። የረሱትን በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡት፤ ማግስቱ ከደረሰ ይለፈው፣ በራስዎ ውሳኔ ሁለት አይደርቡ።

«በምርመራው ጠዋት ልውሰድ ወይስ ልተወው?» (ከሐዋሳ)

ክኒኑን ይዘው ይሂዱ፤ ደም ከተቀዱ በኋላ ይዋጡት። ቀድመው ከዋጡት ፍሪ ቲ4 ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

«አንድ ቀን አላስተጓጎልኩም፣ ቲኤስኤች ግን አልወርድ አለ። ሌሊት ተነስቼ ሥራ ስለምገባ ከቡናዬ ጋር ነው የምውጠው።» (ከጅዳ)

ቡናው ነው የምጠረጥረው። አንጀት መድኃኒቱን በደንብ እንዳይመጥ ያደርጋል፣ ስለዚህ ውጤቱ ክኒን እንደዘለለ ሰው ይሆናል። በውኃ ብቻ ዋጪው፤ ቡናውም ቁርሱም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። ጠዋት ካልተመቸሽ፣ ሐኪምሽን አማክረሽ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻላል። የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን ካለሽ አራት ሰዓት አራርቂው። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲንም ውጤቱን ያዛባል፤ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሚው።

«አርግዣለሁ። ፅንሱን እንዳይጎዳ ብዬ ክኒኑን ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ።» (ከባሕር ዳር)

የኔ እመቤት፣ ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፤ ክኒኑን ማቆም አልነበረብሽም። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያድገው ባንቺ ሆርሞን ነው፣ አንጎሉም ጭምር። በእርግዝና እንዲያውም መጠኑ ብዙ ጊዜ ይጨመራል፤ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ድረስም ደምሽ በየአራት ሳምንቱ ይታያል። ያቆምሽበትን ቀን ለሐኪሙ ንገሪ።