ተረቱ መቼ ወደ መንደሩ ገባ?

ልጆቼ፣

ሥነ ቃል መሰብሰብ ከጀመራችሁት መካከል አንዷ «ታሪኩ እውነት እንዳልሆነ ከታወቀ መመዝገቡ ምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ በሰሜን ዌልስ ተራሮች መካከል ያለችው የቤዝጌለርት መንደር ነገር ነው።

በመንደሯ ዳር፣ ግላስሊን ወንዝ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ፣ የውሻ መቃብር የሚባል ድንጋይ አለ። በ1240 እ.ኤ.አ. ያረፈው ልዑል ሊዌሊን ከአደን ሲመለስ የሕፃኑ አልጋ ተገልብጦ፣ ውሻው ጌለርት በደም ተነክሮ አገኘው ይባላል። ልጄን በላብኝ ብሎ በሰይፍ ወጋው። ወዲያው የሕፃን ልቅሶ ሰማ፤ ልጁ ደኅና ነው፤ አጠገቡ ውሻው የገደለው ተኩላ ተዘርሯል።

«የጌለርት መቃብር» ማለት የሆነው የመንደሯ ስም ግን ከዚህ ተረት የቀደመ ነው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ከጥንት ቅዱስ ጋር ያያይዙታል። ድንጋዩንም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከደቡብ ዌልስ የመጣው የጎት ሆቴል ባለቤት ዴቪድ ፕሪቻርድ እንግዳ ለመሳብ እንዳቆመው ይነገራል። በ1800 እንግሊዛዊው ዊልያም ስፔንሰር ታሪኩን በግጥም ጻፈ፤ የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን በዌልስ ዜማ አቀናበረው፤ ዝናውም ተሰራጨ።

ታዲያ ሁሉም ፈጠራ ነው? አይደለም። ዌልሶች «ውሻውን እንደገደለው ሰው ተጸጸተ» የሚል የቆየ አባባል ነበራቸው። ፓንቻታንትራ በተባለው የሕንድ ጥንታዊ የተረት መጽሐፍ ውሻውን የሚተካው ሞንጉስ የተባለ እባብ ገዳይ ትንሽ አውሬ ነው። በፈረንሳይ ሊዮን አካባቢ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እናቶች፣ እንዲሁ ሕፃን አድኖ በስህተት ተገደለ ለሚባለው ጊኔፎር ለተባለ ውሻ፣ የታመሙ ልጆቻቸውን ይዘው ስለት ይሳሉ ነበር። ሆቴለኛው ያደረገው ከአገር አገር የሚዞረውን ተረት ከአንድ ቦታና ከአንድ ልዑል ጋር ማሰር ነው። ማታለል አልወድም፤ ሆኖም እሱ ባይኖር ተረቱ በዚህች መንደር እንዲህ ባልደመቀ ነበር።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ድንጋዩ ከመቆሙ በፊት የመንደሯ አሮጊቶች ስለ ውሻው ምን ይሉ እንደነበር የጻፈ የለም። ጸሐፊው ዲ. ኢ. ጄንኪንስ የአካባቢውን ትዝታ ሰብስቦ መጽሐፍ ያሳተመው በ1899 ነው፤ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ።

ስለዚህ ተራኪውን ሳታቋርጡ አስጨርሱት። ከዚያ ከማን እንደሰማ፣ በስንት ዓመቱ፣ ተረቱን በመጽሐፍ ወይም በትምህርት ቤት አግኝቶት እንደሆነ ጠይቁ። ከሳምንታት በኋላ እንደገና አስተርኩት። አረፍተ ነገሮቹ ከታተመ ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል ከገጠሙ፣ መጽሐፉ ወደ አፍ ተመልሷል ማለት ነው። የተረቱን፣ የቦታ ስሙንና የሐውልቱን ጥንታዊ ማስረጃ ለየብቻ ፈልጉ፤ ሦስቱ አብረው የተወለዱ አይምሰላችሁ።

የዛሬ ልጆች በስልክ ሰዓታት ትቀርጻላችሁ፤ ፋይሉ ላይ ግን የተራኪውን ዕድሜ እንኳ አትጽፉም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ከቤዝጌለርት ትንሽ ራቅ ብሎ ዲናስ ኤምሪስ የተባለ ኮረብታ አለ። አንድ ቀይና አንድ ነጭ ዘንዶ ተዋጉ የሚለው ተረት በ9ኛው ክፍለ ዘመን የላቲን ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ የአካባቢው ወግም ውጊያው እዚያ ኮረብታ ላይ ነበር ይላል። ለዚያኛው ከሆቴሉ በፊት የተጻፈ ማስረጃ ስላለ፣ ልምምዳችሁን ከእሱ ጀምሩ።