ከልጃችሁ ጋር አጋዘን ማደን ልትጀምሩ ነው? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ካለ ልጃቸው ጋር አጋዘን ማደን መጀመር የሚፈልጉ ወላጆች ጥያቄያቸው በዝቷል፣ ስለዚህ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። ለብዙ ዓመት አድኛለሁ፣ ልጆቼንም ይዤ ወጥቻለሁ፤ የማውቀውን ሳልቆጥብ እነግራችኋለሁ። ሕጉን ግን የምታድኑበትን ቦታ ደንብ ራሳችሁ አንብቡ። ፈቃዱ፣ ወቅቱ፣ የዕድሜ ገደቡ፣ የሚፈቀደው መሣሪያ፣ ሁሉም ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ደርሷል ትላለህ?

ሕጉ ከፈቀደለት ዕድሜውን ተወውና ጠባዩን እይ። አንዴ ሲነገረው ይሰማል? «ተው» ስትለው እጁን ወዲያው ይሰበስባል? ሲናደድስ ዕቃ ይወረውራል? ቤት ውስጥ አሥር ጊዜ ካልተለመነ የማይሰማ ልጅ፣ ጫካ ገብቶ ጠመንጃ ስለያዘ ሌላ ሰው አይሆንም።

ሌላው ደግሞ፣ ማደን የፈለገው እሱ ነው ወይስ አንተ? ይሄን በደንብ አስብበት። እሱ ከሆነ የፈለገው፣ የአዳኞችን የደኅንነት ሥልጠና አብራችሁ ውሰዱ። አንተ ብታውቀውም አብረኸው ተቀመጥ። በብዙ ቦታ ያለዚህ ሥልጠና ፈቃድ አይሰጥም፣ ባይጠየቅም እንኳ ልጅ ያለሱ እንዲወጣ አልመክርም።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፣ በሕይወቴ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የ15 ዓመት ልጄ ግን ካላደንኩ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አይዞሽ፣ አለማወቅሽ እንደውም ይጠቅምሻል። አብራችሁ ትማራላችሁ፣ ልጅቷም እናቷ ስትጠይቅና ስትሞክር ታያለች። ሥልጠናውን ሁለታችሁም ውሰዱ፣ ከዚያ ልምድ ያለውና የምታምኚው አዳኝ ፈልጊ። ስለ ገደለው አጋዘን ሲያወራ የሚውለውን ሳይሆን ሳይተኩስ ስለተወው የሚያወራውን ምረጪ።

የመጀመሪያውን ወቅት ያለ ጠመንጃ ውጡ። ይሄን የምለው ለአንቺ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ነው። ሩቅ የሚያሳይ መነፅር ይዛችሁ ዱካ ፈልጉ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት እንደሚግጥ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ እዩ። ወንዱ ቀንዱን የፈተገበት ግንድ ቅርፊቱ ተልጦ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሄንን ሁሉ አይታ አሁንም «እንሂድ» ካለች፣ ከልቧ ነው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ልጅ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል? ወንድሜ ያለውን ትልቁን መግነም (ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ) ሊሰጠን ይፈልጋል።

አመስግነህ መልስለት። ትከሻውን የሚደልቅ መሣሪያ ልጁን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ መፍራት። 243 ዊንቸስተር፣ 6.5 ክሪድሙር፣ 7 ሚሊ ሜትር 08፣ እነዚህ የጥይት ዓይነቶች ለአጋዘን ይበቃሉ፣ ግፊታቸውም ይቻላል። መጀመሪያ ግን ሕጉ የሚፈቅደውን እይ፣ ለአጋዘን የተወሰነ የጥይት መጠን ወይም የመሣሪያ ዓይነት ብቻ የሚፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ።

ከጥይቱ እኩል ደግሞ የሰደፉን ርዝመት ተመልከት። ለአዋቂ የተሠራ ሰደፍ ለልጅ ይረዝማል፤ አንገቱን ዘርግቶ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ ነው የሚያነጣጥረው። ለወጣቶች ተብሎ የተሠራ አጭር ሰደፍ አለ። የትኛው ዓይኑ እንደሚበረታም ፈትሽ። ሁለት እጁን ዘርግቶ በመዳፎቹ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራ፣ ሁለቱንም ዓይኑን ገልጦ በዚያ ቀዳዳ ሩቅ ያለ ነገር ይይ፣ ከዚያ አንዱን ዓይን በየተራ ይጨፍን። ነገሩ ሳይጠፋበት የሚቀረው በብርቱው ዓይን ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሆኖ ብርቱው ዓይኑ ግራ የሆነ ልጅ ብዙ ነው፣ ይሄ ሳይታወቅ ደግሞ «ይሄ ልጅ ኢላማ አይሆንለትም» ይባላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከመተኮሷ በፊት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትከሻዋም ይደነግጣል።

ይሄ የብዙ ጀማሪ ችግር ነው፣ ይለቃል። መጀመሪያ ጆሮዋን ጠብቁላት። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ በአንድ ተኩስ ብቻ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጣቸው ግፊቱ ሳይሆን ድምፁ ነው። የጆሮ መሰኪያ አድርጋ ከላዩ መሸፈኛውን ትደርብበት።

ከዚያ ባዶ የማስመሰያ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅለህ አንተ አጉርስላት፣ የትኛው እንደሆነ አትወቅ። ባዶው ላይ ስትደርስ ምላጩ ቀጭ ይላል፣ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ይነቀነቃል። ያኔ ራሷ ታየዋለች፣ አንተ ምንም መናገር አይጠበቅብህም። ቀስ ብላ ምላጩን መሳብ እስክትለምድ ግፊቷ እምብዛም በማይሰማው በትንሿ 22 ጠመንጃ አለማምዳት። ልምምዱን ደግሞ አሳጥረው፣ ሲደክማት ወይም ትከሻዋን ስታሻሽ ካየህ የዚያን ቀን በቃ።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው። አባቴ በጣም ጓጉቷል። እኔ ግን አጋዘኑ ፊቴ ቢቆም መተኮስ የምችል አይመስለኝም። ካልተኮስኩ ያዝንብኛል ብዬ እፈራለሁ።

የኔ ልጅ፣ እንኳን ጠየቅክ። አለመተኮስ መብትህ ነው። ጥሩ አዳኞች ሁሉ ያደርጉታል፤ ርቀቱ ካላማራቸው፣ እንስሳው ጀርባውን ከሰጠ፣ ከኋላው ምን እንዳለ ካላወቁ ወይም እንዲሁ ልባቸው እምቢ ካለ፣ ሴፍቲውን (ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚቆልፈውን) ሳይነኩ ያሳልፉታል። ለአባትህ ከመውጣታችሁ በፊት ንገረው፦ «ዝግጁ ካልሆንኩ አልተኩስም፣ ለምን እንዳትለኝ»። ጫካ ውስጥ አጋዘኑ ቆሞ ሳለ መነጋገር ከባድ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን ቀላል ነው።

አባቶች፣ ይሄን ያነበባችሁ እንደሆነ፣ ልጁ ጆሮ ሥር ሆናችሁ «ተኩስ! ተኩስ! ሊያመልጥህ ነው!» አትበሉ። ሲጣደፍ የሚተኮስ ጥይት አጋዘን ያቆስላል፣ የቆሰለ አጋዘን ደግሞ ልጁ ሕሊና ላይ ዓመታት ይቆያል። «ጊዜ አለህ፣ ካልተመቸህ ተወው» በሉት። እኔ ስለ ልጆችና ስለ አደን አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ቢፈቀድልኝ ይሄንኑ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ሳናያቸው ይሸሻሉ። ቀለሙ የተዥጎረጎረ ልብስ ሁሉ ገዝተናል እኮ።

ልብሱን ተውት፣ ንፋሱን እዩ። አጋዘን የሚኖረው በአፍንጫው ነው። ንፋሱ ከእናንተ ወደሱ የሚነፍስ ከሆነ የፈለጋችሁትን ብትለብሱ ዋጋ የለውም። ሁልጊዜ ንፋሱ ፊታችሁን እንዲነካ አድርጋችሁ ቅረቡ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፤ መቀመጫችሁን በዚያ ምረጡ።

ዓይኑ እንደኛ አይደለም። ቀይና ብርቱካናማ ደብዝዞ ነው የሚታየው፣ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል። ስለዚህ ደማቁን ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ፣ አጋዘኑን አይረብሽም፣ ሌላው አዳኝ ግን ከሩቅ ያያችኋል። በሕግ ባይታዘዝም ልጅ ያለሱ አይውጣ። የሚያስበረግገው እንቅስቃሴ ነው። አጋዘኑ አንገቱን አጎንብሶ ሲግጥ ተንቀሳቀሱ፣ ቀና ሲል ደርቃችሁ ቁሙ።

ጥያቄ፦ የት ላይ ነው የሚመታው? ከተመታ በኋላስ?

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

አጋዘኑ ጎኑን ሙሉ ሰጥቶ መቆም አለበት። የፊት እግሩን ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ ከደረቱ ሥር አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ከእግሩ ትንሽ ወደ ኋላ። ሳንባው እዚያ ሰፊ ቦታ ይዟል፣ ልቡ ከሥሩ ነው። ጥቂት ዞር ብሎ ወደ ፊት እየራቀ ከሆነም ይቻላል፣ ያኔ ጥይቱ በወዲያኛው የፊት እግር በኩል እንዲወጣ አስባችሁ አነጣጥሩ። ፊት ለፊት የሚያያችሁን፣ የሚሮጠውን፣ ጭንቅላቱን፣ እነዚህን ለጀማሪ ልጅ አልፈቅድም። ርቀቱንም በልምምድ ቦታ ወስኑ። ልጁ ቁጭ ብሎና ተንበርክኮ፣ ያለ ጠረጴዛ፣ ደጋግሞ በእርግጠኝነት የሚመታበት ርቀት የእሱ ገደብ ነው። ጫካ ውስጥ አይጨመርበትም።

ከተተኮሰ በኋላ ወዲያው አትሩጡ። ልጁ ሌላ ጥይት ያጉርስ፣ ሴፍቲውን ይመልስ፣ አጋዘኑ በየት በኩል እንደሄደና ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ዛፍ ወይም ድንጋይ በዓይኑ ይያዝ። ልብና ሳንባ የተመታ አጋዘን እንኳ ሮጦ መሄድ ይችላል፣ ስለዚህ ሮጠ ማለት ተሳተ ማለት አይደለም። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ውኃ ስጡት።

ከዚያ ጠመንጃውን ደኅና አድርጋችሁ አጋዘኑ ሲመታ የቆመበት ቦታ ሂዱና ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉ። ደሙ ነጣ ያለ ቀይ ሆኖ እንደ ሳሙና ትንንሽ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፣ አጋዘኑ ቅርብ ወድቋል። ጠቆር ያለ ወፍራም ደም ጉበት ሊሆን ይችላል፣ ጥቂት ሰዓታት ጠብቁ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር የተቀላቀለበትና የሚሸት ከሆነ ጨጓራ ወይም አንጀት ነው። ያኔ ቀስ ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስጡት። ወዲያው ብታሳድዱት ተነስቶ ይርቃል፣ ሳታገኙት ይሞታል። ደሙ በታየበት ሁሉ ምልክት እያስቀመጣችሁ ሂዱ፣ መስመሩ ሲጠፋባችሁ ወደ መጨረሻው ምልክት ተመለሱ። ዱካ በመፈለግ ልጆች ይበልጡናል፣ ዓይናቸው ለመሬት ቅርብ ነው። ከፊት ይሂድ፣ አንተ ተከተለው።

ጥያቄ፦ ልጄ የአጋዘኑን ሆድ ዕቃ ሲያይ ይጸየፍብኛል ብዬ ሰጋሁ።

ሊጸየፍ ይችላል፣ ምንም አይደለም። እግር እንዲይዝልህ አድርግ፣ ቀጥሎ ባትሪ ያብራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቢላዋውን ራሱ ይጠይቅሃል። ቆዳውን ስትቀድ የቢላዋው ስለት ወደ ላይ ይሁን፣ ጨጓራውንና ፊኛውን እንዳትወጋው። ልብና ሳንባውን አሳየው፣ ጥይቱ በየት እንደገባ በየት እንደወጣ ያኔ ይገባዋል። ሥጋው ቶሎ ይቀዝቅዝ፣ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ማቆየት ነው።

በእርሳስ ጥይት ከሆነ የመታችሁት፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጣችሁ ጣሉት። በዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ከቁስሉ ራቅ ብሎም ይገባል፣ እርሳስ ደግሞ ለልጆች ክፉ ነው። የመዳብ ጥይት ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ አጋዘን በሽታ ሰምቼ ፈርቻለሁ። ሥጋው ይበላል?

የሰማኸው አጋዘንን እያከሳ የሚገድለውን የአንጎል በሽታ መሰለኝ። መጀመሪያ የታየው በ1967 በኮሎራዶ ነው፣ አሁን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችና በካናዳ አለ፣ በ2016 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ተገኝቷል። እስካሁን ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም። ግን ምግብ ማብሰል አያጠፋውም፣ ስለዚህ በሽታው ባለበት አካባቢ ካደናችሁ አስመርምሩ፣ ውጤቱ እስኪመጣ አትብሉ፣ ከተገኘበትም አትብሉት። የከሳ፣ ለሐጭ የሚያዝረከርክ፣ ሰው የማይፈራ አጋዘን ካያችሁ አትተኩሱ፣ ለዱር እንስሳት ባለሥልጣን ንገሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ የመጀመሪያውን መትታ አለቀሰች። ነገሩን ላቁመው?

እሷን ጠይቃት። ማልቀሷ ግን መጥፎ ምልክት አይደለም። «ምን ያስለቅሳል» አትበላት፣ «ጀግና» እያልክም አታዋክባት፣ ለፎቶ አታጣድፋት። አጠገቧ ቁጭ በል። ብዙ አዋቂም እንባው ይመጣል። ሥጋው ሲበላ «ይሄ ያንቺ ነው» ብለህ ንገራት። ሌላ ጊዜ ካልወጣች አትወጣም፣ በዚህ አትቀየማት።

ጥያቄ፦ ዛፍ ላይ ማማ ሠርተን ብንጠብቅስ?

ለመጀመሪያው ወቅት መሬት ላይ ያለ መደበቂያ ይሻላል። ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ፣ በሹክሹክታ ታወራላችሁ፣ ልጁ ትንሽ ቢንቀሳቀስም አይታይም። ከማማ መውደቅ አዳኞችን በብዛት ከሚጎዱ አደጋዎች አንዱ ነው። ዛፍ ላይ ካልወጣን ካላችሁ፣ ሙሉ ሰውነት የሚይዘውን መታጠቂያ ልጁ እግሩ መሬት ከመልቀቁ በፊት ይልበስ፣ ከግንዱ ጋር ተያይዞ ይውጣ፣ ተያይዞ ይውረድ። ጠመንጃ ይዞ አይወጣም። ጥይቱ ወጥቶ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ገመድ ላይ ይታሰር፣ ከተቀመጣችሁ በኋላ ትስቡታላችሁ። ስትወርዱም እንደዚያው፣ መጀመሪያ ጠመንጃው፣ ከዚያ ልጁ።