ስፒከሩን ሸጥኩበት፣ ባለቤቴ ዝም አለኝ

የጠያቂዋ ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

«የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ መርካቶ ይሠራል። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። ከመጋባታችን በፊት ኦርጋን ይጫወት ነበር። ኦርጋኑ፣ ስፒከሩ፣ ካሜራው ከነማቆሚያው፣ ብስክሌቱ፣ ሁሉም እዚችው ጠባብ ቤት ውስጥ ተከምረዋል። ከነካቸው አምስት ዓመት ሆኖታል። ብስክሌቱ በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ሆኗል። ሽጣቸው ስለው ‹እሺ፣ አያለሁ› ይለኛል። በመጨረሻ ጨነቀኝና ስፒከሩን ብሎካችን ላለ ልጅ በ4,000 ብር ሸጥኩት። ብሩ ለልጆቹ ጫማና ደብተር ዋለ። ማታ ገብቶ ሲያጣው ‹ጥሩ አደረግሽ› አለና ተኛ። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ከሰላምታ በቀር አያናግረኝም። እኔም የማልሰፋበት የልብስ ስፌት መኪና አለኝ፤ እሱ ግን ለቤቱ ይጠቅማል ብዬ ነው። ምን አጠፋሁ?»

እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ልጆች የሚሮጡበት ቦታ በሌለው ቤት የማይሠራ ዕቃ እየዘለሉ መዋል ሰው ያሰለቻል። ቤቱ ቀለል ይበል ማለትሽ ትክክል ነው። ብሩንም ለራስሽ አላዋልሽውም። ጥፋቱ እሱ በሌለበት መሸጥሽ ላይ ነው። ይህን ሳልሸፋፍን ብነግርሽ ይሻላል።

አንቺ የሸጥሽው አቧራ የለበሰ ስፒከር ነው። እሱ ማታ ገብቶ ያጣው ሌላ ነገር ነው። ራስል ቤልክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የምንወዳቸው ዕቃዎች ከጊዜ ብዛት የማንነታችን ክፍል እንደሚሆኑ፣ ያለፈቃዳችን ሲወሰዱም ከራሳችን የተቆረጠ ያህል እንደሚሰማን አስረድቷል። ባለቤትሽ ዛሬ ሲነጋጋ የታክሲ ሰልፍ የሚይዝ አባወራ ነው። ኦርጋኑ ግን «እኔ ሙዚቃ የምችል ልጅ ነበርኩ፣ አንድ ቀን እመለስበታለሁ» ይለዋል። ስፒከሩ ሲሄድ «አንድ ቀን» የሚለውም አብሮ የሄደ ይመስለዋል።

ስለዚህ ዝምታውን ኩርፊያ ብቻ አድርገሽ አትይው። እኔ ሐዘንም አይበታለሁ። ችግሩ፣ እኛ አገር ወንድ ልጅ ለስፒከር አያለቅስም። የሚያጽናናው ሰውም የለም። «ጥሩ አደረግሽ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ብቻ ነው የቀረው።

«ታዲያ ካልነካው ለምን አይሸጠውም?» ትይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሙከራ፣ ለተወሰኑ ተማሪዎች ኩባያ ተሰጣቸው። ኩባያው ከእጃቸው ከገባ ገና ትንሽ ደቂቃዎች ቢሆኑም፣ ለመሸጥ የጠየቁት 7 ዶላር ገደማ ነበር። ኩባያ ያልተሰጣቸው ሊከፍሉ የፈለጉት ግን 3 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። የራሳችን የሆነ ነገር ዋጋው በዓይናችን ይጨምራል። ለደቂቃዎች የተያዘ ኩባያ እንዲህ ካደረገ፣ በወጣትነት ደመወዝ የተገዛ ኦርጋን ምን ያህል ይከብድ? ያንቺም የስፌት መኪና እኮ እንደዚሁ ነው። በደብዳቤሽ መጨረሻ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። የእሱ ዕቃ «ዝም ብሎ የተከመረ» ነው፣ ያንቺ «ለቤቱ የሚጠቅም»። ሁለታችሁም ልትሆኑት የፈለጋችሁትን ሰው ነው ያስቀመጣችሁት።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሻዩን አስቀምጠሽ፣ «ሳልነግርህ መሸጤ ልክ አልነበረም» በይው። ከዚያ በኋላ የምትመጣውን «ግን» የምትባል ቃል ዋጥ አድርጊያት። ስለ ጫማውና ስለ ደብተሩ ሌላ ቀን ይወራል። እሱ ቢቆጣ ይቆጣ። ከዝምታው ቁጣው ይሻላል።

ስለ ሽያጭ የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው። እሱ እሑድ ቤት ከዋለ በእሑድ ይሁን። ከስፌት መኪናው ጀምሩ። እሸጠዋለሁ ወይስ እሰፋበታለሁ የሚለውን እሱ ፊት ወስኚ። ከዚያ ብስክሌቱ ይከተል፤ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ጎማውን ነፍታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ተማርሬያለሁ ብለሽ ለቁራሌ እንዳትሰጪው። ዋጋውን እሱ ይቁረጥ፤ የገዢውንም ስልክ እሱ ያንሳ። አንድ ዕቃ ደግሞ ያለ ክርክር ይቅር። ኦርጋኑ ከሆነ ኦርጋኑ። አልጋ ሥር ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሰዎች ትዝታ ያለበትን ዕቃቸውን ፎቶ አንስተው ሲያስቀሩ ዕቃውን መስጠት እንደሚቀላቸው አሳይቷል። እናንተ ደግሞ ካሜራ አላችሁ። ባትሪውን ቻርጅ አድርጉና፣ ካሜራው ከመሸጡ በፊት ባለቤትሽ ኦርጋኑ ላይ ተቀምጦ ልጆቹ አጠገቡ ሆነው ቪዲዮ ቅረጺው። ልጆችሽ አባታቸው ሲጫወት አይተው ያውቃሉ? አምስት ዓመት ከሆነ፣ ትንሹ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ተከታተዪ። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ ከልጆቹ ጋር መጫወትም ካስጠላው፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ነገሩ ከስፒከር አልፏል። ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ለዚህ የግድ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ የለባችሁም። የሥነ አእምሮ ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ።

ስፒከሩን የገዛው ልጅ ደግሞ ብሎካችሁ ውስጥ ነው ብለሻል። ባለቤትሽን አስፈቅጂና እሑድ ለቡና ጥሪው። ምናልባት ስፒከሩን እንዴት እንደሚያገናኘው ገና አላወቀም። የሚያሳየው ሰው እዚያው ቤት አለ።