የቆየ የቤት ኮምፒውተርና የጌም ኢሙሌተር፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች

ኢሙሌተር ማለት እንደ ፕሌይስቴሽን ያለውን የጌም ማጫወቻ ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ከሰሜን ሸዋ የደረሱን አምስት ደብዳቤዎች ስለዚሁ ስለሆኑ አንድ ላይ መልሰናቸዋል። አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። በየሱቁ «ሲፒዩ» ሲባል ሳጥኑን በሙሉ ማለት ስለሆነ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ዋናዋን ቺፕ «ፕሮሰሰር» እያልን እንጠራታለን። ነገሩን የምትወስነው እሷ ናት።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለልጆች ትምህርት ብዬ የገዛሁት የቆየ ዴስክቶፕ አለኝ። ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ ኢ7500፣ ራሙ 2 ጊጋ፣ ዊንዶውሱ 7 ባለ 32 ቢት ነው፤ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ልጆቼ ጌም ቤት ከሚውሉ እቤት ቢጫወቱ እመርጣለሁ። ራሙን 8 ጊጋ ባደርገው የትኛውን ፕሌይስቴሽን ያጫውታል?

መልስ፦ ለራም ያሰቡትን ገንዘብ ያቆዩት። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ ስለማይጠቀም፣ 8 ጊጋ ቢያስገቡ ግማሹ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ደግሞም ማነቆው ራም አይደለም።

ማነቆው የአንዱ ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራው የአንዱ ክፍል ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ፕሌይስቴሽን 1 ፕሮሰሰሩ የሚሠራው በ33.9 ሜጋኸርዝ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ በ2930። ይህን ያህል ከበለጠው ምን ያስቸግረዋል ቢሉ፣ ኢሙሌተር አስተርጓሚ ስለሆነ ነው። ማጫወቻው በአንድ እርምጃ የሚፈጽመውን ትእዛዝ ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶ ለመፈጸም ኮምፒውተርዎ ብዙ እርምጃ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ የምስሉን ቺፕ፣ የድምፁን ቺፕና የሲዲ ማንበቢያውን ሥራ እኩል እያስኬደ አንዱን ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ስድሳኛ ውስጥ ስክሪን ላይ ማድረስ አለበት። ካልደረሰ ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። እነዚህ ሥራዎች እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ ለብዙ ኮሮች ማከፋፈሉ አስቸጋሪ ነው። አራት ቀርፋፋ ኮር ካለው ፕሮሰሰር ሁለት ፈጣን ኮር ያለው የሚሻለው ለዚህ ነው።

የእርስዎ ፕሮሰሰር ደግሞ በዚህ በኩል አያሳፍርም። የመጀመሪያው ኔንቴንዶ፣ ሱፐር ኔንቴንዶ፣ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ፣ ጌም ቦይ አድቫንስ ሁሉም ሳይደክሙ ይሠራሉ። ፕሌይስቴሽን 1ም ምስሉን በራሱ መጠን እስካጫወቱት ድረስ ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል። ከኔንቴንዶ 64 አብዛኛው ይሄዳል፤ አንዳንዱ ላይ ምስሉ ይዛባል። ከፒኤስፒ ቀላል ቀላሎቹን ይሞክሩ። ፕሌይስቴሽን 2ን ግን ይተዉት፤ ፕሮሰሰሩም፣ በዚያ ዘመን ማዘርቦርድ ላይ ያለው የኢንቴል ግራፊክስም አይችሉትም።

አሠራሩ ይህ ነው። ሬትሮአርክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ባለ 32 ቢቱን መርጠው ያውርዱ። ባለ 64 ቢቱ እርስዎ ዘንድ ጭራሽ አይከፈትም፤ ብዙ ሰው «አልሠራ አለኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ቤት ኢንተርኔት ከሌለ ሌላ ቦታ አውርደው በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ለየማጫወቻው የሚያስፈልጉት ኢሙሌተሮች እዚህም «ኮር» ይባላሉ፣ ከፕሮሰሰሩ ኮር ጋር ግን አይገናኙም፤ እነሱንም ባለ 32 ቢቶቹን አውርደው «ኮርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ይቅዷቸው። ለኔንቴንዶ ኔስቶፒያ፣ ለሱፐር ኔንቴንዶ ስኔስ9ኤክስ፣ ለሴጋ ጀነሲስ ፕላስ ጂኤክስ፣ ለጌም ቦይ ኤምጂቢኤ፣ ለፕሌይስቴሽን 1 ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ ይበቃሉ። ለሱፐር ኔንቴንዶ ቢስኔስ የሚባልም አለ፤ የማጫወቻውን ጠባይ በጥንቃቄ ስለሚከተል ጉልበት ይበላል፣ ለእርስዎ ማሽን አይሆንም። በመጨረሻ የዊንዶውሱን ፓወር ፕላን «ሃይ ፐርፎርማንስ» ላይ ያድርጉት፣ ምስል ማስዋቢያውን (ሼደር) እና «ረን አሄድ» የሚለውን ያጥፉ። ረን አሄድ አንዱን ምስል ደጋግሞ ስለሚያሠላ የፕሮሰሰሩን ሥራ እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርገዋል።

ራም መጨመሩ ይበልጥ ትርጉም የሚኖረው ወደ ባለ 64 ቢት ሲስተም ከቀየሩ ነው፤ ያኔ 4 ጊጋ ይበቃል። ሲገዙ ግን አንዱን ነቅለው ሱቅ ይዘው ይሂዱ። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 መሐል ላይ ያለው ቀዳዳቸው ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይገባም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ላፕቶፔ ፕሌይስቴሽን 1ን መጀመሪያ ላይ ጥሩ አድርጎ ያጫውታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ይንቀራፈፋል። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ሙቀት ነው ብለን እንጠረጥራለን። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ በብዙ ላፕቶፖች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እናንተ ዘንድ ከቆላው ሙቀት ጋር አቧራው ሲጨመር ማራገቢያው ይሸነፋል። ኤችደብሊውሞኒተር የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው እየተጫወቱ ዲግሪውን ይመልከቱ። ፍጥነቱ የሚወርደው ዲግሪው ከ95 ሲያልፍ ከሆነ መልሱ ተገኘ።

አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ባትሪውን አውጥተው ይክፈቱት። በማራገቢያውና በመዳብ ክንፎቹ መካከል እንደ ጥጥ የተጋገረ አቧራ ያገኛሉ፤ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ያውጡት። በጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር አያስነፉት። ማራገቢያው ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ይጎዳል፣ ከአየሩ ጋር ውኃም ይወጣል። ከዚያ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ያጽዱ። የፋርማሲው ባለ 70 ከመቶ አልኮልም ይሆናል፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ እንጂ። አዲሱን ተርማል ፔስት መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ ያህል ብቻ ያድርጉ፤ ብዙ ማድረግ አያቀዘቅዝም። ብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ከተጻፈ በዚያው ቅደም ተከተል በየተራ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጥብቁ። ላፕቶፑን አልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወት ደግሞ የአየር መግቢያውን መድፈን ነው።

ዲግሪው ከ80 ሳያልፍ ገና ከመጀመሪያው የሚንቀራፈፍ ከሆነ ቻርጀሩን ይመርምሩ። በተለይ ዴል ላፕቶፖች የተሰካውን ቻርጀር ለይተው ካላወቁት ፕሮሰሰሩን በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚያሠሩት።

ጥያቄ (ከአጣዬ)፦ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። በሬትሮአርክ ስጫወት ጌሙ ራሱ ውስጥ ሴቭ አደርጋለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ሴቭ ያደረግሁት ሁሉ የለም። ለምን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ጌሙ ሴቭ ሲያደርግ የጻፈው ለጊዜው ራም ላይ ነው። ሬትሮአርክ ወደ ዲስክ የሚያወርደው ጌሙን በሥርዓት ስትዘጋ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ያ ዕድል የለውም። ሴቲንግስ ውስጥ ገብተህ «ሴቪንግ» የሚለውን ክፈትና «ሴቭራም ኦቶሴቭ ኢንተርቫል» የሚለውን ፈልግ። ሳይነካ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፤ 30 ሰከንድ ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋ የምታጣው ቢበዛ የግማሽ ደቂቃ ነው።

«ሴቭ ስቴት» የሚባለው፣ ኢሙሌተሩ ጌሙን ባለበት ቅጽበት የሚያስቀምጥበት ሴቭም ወዲያው ዲስክ ላይ ስለሚጻፍ ይጠቅምሃል፤ ግን በእሱ ብቻ አትመካ። ኮሩን ስትቀይር ወይም አፕዴት ስታደርግ የቀድሞው ስቴት ላይከፈት ይችላል። ጌሙ ውስጥ የተደረገው ሴቭ ግን ወደ ሌላ ኮምፒውተርም አብሮህ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ (ከመሀል ሜዳ)፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790፣ ትንሹን ሳጥን፣ ኮር አይ5-2400 ያለበትን ልገዛ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ያጫውታል?

መልስ፦ እንዳለ ቢሆን አያስደስትዎትም፤ ካርድ ከጨመሩበት ብዙውን ያጫውታል። ፕሌይስቴሽን 2 በ295 ሜጋኸርዝ ከሚሠራው ዋና ፕሮሰሰር ሌላ ሁለት የሒሳብ ክፍሎችና በሰከንድ 48 ጊጋባይት የሚያመላልስ የምስል ማኅደረ ትውስታ አለው። ፒሲኤስኤክስ2 የተባለው ኢሙሌተር ይህን ሁሉ እኩል ማስኬድ አለበት። የአሁኖቹ እትሞቹ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 እና ኤስኤስኢ4.1 የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይጠይቃሉ፤ አይ5-2400 ሁለተኛውን ያሟላል። የሚጎድለው ግራፊክስ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኤችዲ 2000 ኢሙሌተሩን ቢከፍትም ጌሙን አይገፋውም።

ጂቲ 1030 የተባለውን ካርድ ይፈልጉ። የሚፈጀው 30 ዋት ስለሆነ ከፓወር ሰፕላይ ሌላ ገመድ አይፈልግም። ሁለት ነገር ግን ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ካርዱ አጭሩ ዓይነት መሆንና ከሳጥኑ ጋር የሚያያይዘው አጭሩ ብረት አብሮት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ማሸጊያው ላይ «ጂዲዲአር5» ይበል፤ የካርዱ ማኅደረ ትውስታ ዓይነት ነው። በዚያው ስም የሚሸጥ ዲዲአር4 ያለው አለ፤ የመረጃ ማመላለሻ ፍጥነቱ የጂዲዲአር5ን ሲሶ ያህል ብቻ ነው፣ ኢሙሌተር ላይም በግልጽ ይታያል። ምስሉን ደግሞ በማጫወቻው በራሱ መጠን ያጫውቱ። ከባዶቹ ጌሞች እንዲያም ሆኖ ይጎተታሉ። ገና ካልገዙ ደግሞ አራተኛ ትውልድ አይ5፣ ለምሳሌ አይ5-4570 ቢፈልጉ እንመርጣለን፤ ኢሙሌተሩ የሚጠቀምበት ኤቪኤክስ2 የተባለ ትእዛዝ አለው።

አንድ ነገር ለመንዝ ደጋ ሰው እንጨምር። የብዙ ሃርድ ዲስኮች የፋብሪካ መግለጫ የሥራ ከፍታቸውን 3048 ሜትር ላይ ያቆመዋል፤ ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ወደ ዲስኩ ይጠጋል። የመንዝ አምባ በብዙ ቦታው 3000 ሜትር ይነካል፣ ያልፋልም። ስለዚህ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ መረጃውን በቺፕ የሚይዘውን ኤስኤስዲ ይግጠሙ፤ የሚንሳፈፍ አካል የለውም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ የቆዩ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲዎቼን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። ጌሙ ይሠራል፣ ሙዚቃው ግን የለም።

መልስ፦ «አይኤስኦ» አድርገው ገልብጠውት ነው። ብዙ የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲዎች ሙዚቃቸውን እንደ ካሴት ቤት ሲዲ በየትራኩ ነው የያዙት፤ አይኤስኦ ደግሞ የሚወስደው የመጀመሪያውን የዳታ ትራክ ብቻ ነው። ኢምግበርን በተባለው ነፃ ፕሮግራም እንደገና ይገልብጡት፤ «ቢን» እና «ኪዩ» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ያወጣልዎታል። በኢሙሌተሩ የሚከፍቱት ኪዩውን ነው። ኪዩ የቢኑን ስም የያዘ ትንሽ ጽሑፍ ስለሆነ፣ የፋይሉን ስም ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ ከቀየሩት አያገኘውም። ያኔ ኪዩውን በኖትፓድ ከፍተው የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን ስም አዲሱን ያድርጉት።

የራስዎን ሲዲ መገልበጥዎ ጥሩ አድርገዋል። ከየቦታው የሚቀዳው ጌም ግን ባለቤት አለው፤ በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። አንዱ ሲዲ እስከ 700 ሜጋባይት ስለሚይዝ ዲስክዎ ከጠበበ ቢኑንና ኪዩውን ሲኤችዲማን በሚባለው ፕሮግራም ወደ «ሲኤችዲ» ይቀይሯቸው። ሙዚቃው ሳይጎድል መጠኑ ይቀንሳል፣ ፋይሉም አንድ ብቻ ይሆናል፤ ስሙንም እንዳሻዎ ቢቀይሩት አይበላሽም።