አረንጓዴው ጥለት የት ገባ?

ሰሞኑን የሚመጡልን ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አጭር ፊልም ሆነዋል። ስለ ፀጉር መነቃቀልና ስለ ቤት ኪራይ የጠየቃችሁን ይቅርታ፣ ለሚቀጥለው ዕትም አቆይተናችኋል። የዛሬው ገጽ ጎንደር ላይ በስልክ ፊልም ለሚሠሩ ልጆች ነው። ለአንድ መምህርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። ማራኪ ካምፓስ የምንማር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ያለን አንድ ስልክ፣ አንድ የሚንገዳገድ ትሪፖድና አንድ ላፕቶፕ ነው። ታሪካችን ውስጥ አንዲት የድሮ ዘመን እመቤት ፋሲል ግቢ ውስጥ በመንፈስ ትታያለች። ተዋናይቷን ቤት ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁመን ቀረጽናት። ኤዲት ስናደርግ ግን የነጠላዋ ጥለት ጠፋ። በጥለቱ ቦታ የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ይታያል! ጠርዙም አይጥ የበላው መሰለ። ችግሩ ከኮምፒውተሩ ነው ከእኛ?

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ምንም አላጠፋም። አረንጓዴውን ሁሉ አንሳልን አላችሁት፣ አነሳላችሁ። ጥለቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከሆነ አረንጓዴዋ መስመር ከጨርቁ ጋር አብራ ሄደች ማለት ነው።

አረንጓዴ የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። የአብዛኛው ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ከአራት ነጥቦቹ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው የሚያዩት። ስለዚህ አረንጓዴው ኖይዝ (ምስሉን የሚያበላሽ ነጠብጣብ) ሳይበዛበት ይመጣል። ከሰው ቆዳ ቀለምም በደንብ ይለያል። የሐበሻ ልብስ ግን እዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም። አረንጓዴ ጥለት ካለ ሰማያዊ ጨርቅ ግዙ። ሁለቱም ቀለም ያለበት ጥለት ከሆነ ተዋናይቷን ሌላ አልብሷት፣ መፍትሔው እሱ ነው።

ጠርዙ የተበላው ደግሞ ልብሱ ነጠላ ስለሆነ ነው። ነጠላ ስስ ነው፣ ከኋላው ያለውን ያሳያል። ነጭ በመሆኑም ከጨርቁ የሚመለሰው አረንጓዴ ብርሃን ያርፍበታል፣ በተለይ ልጅቷ ጨርቁ ሥር ተለጥፋ ከቆመች። ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ፊት አምጧት። ለጨርቁ የራሱ መብራት ይኑረው፣ ለእሷም የራሷ። ጨርቁን ተኩሱት፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ መጨማደድ ጥላ ትሠራለች፣ ጥላ ደግሞ ለፕሮግራሙ ሌላ ቀለም ነው። የሚያብረቀርቅ ሳቲን ደግሞ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ሌላም አለ። ስልክ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ብርሃኑን በሙሉ መጠን፣ ቀለሙን ግን በሩብ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። 1920 በ1080 ስትቀርጹ ቀለሙ ያለው 960 በ540 ነው። ዓይን ይህን አያስተውልም፣ ጨርቁን የሚያነሳው ፕሮግራም ግን የሚቆርጠው በዚያው ቀለም ነው። ስለዚህ በ4ኬ (3840 በ2160) ቅረጹና ፊልሙን በ1080 ጨርሱት፣ ያኔ ቀለሙም 1920 በ1080 ይሆንላችኋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን፣ ለእናንተ ታሪክ ግሪን ስክሪን፣ ማለትም አረንጓዴው ጨርቅ፣ ጭራሽ አያስፈልግም። መንፈስ ናት አይደል? በመንፈስ ውስጥ ግድግዳ ቢታይ ማን ይከሳችኋል? ፈቃድ ጠይቁና ቀን ላይ እዚያው ግቢው ውስጥ ቅረጿት። የሚንገዳገደውን ትሪፖድ መሃሉ ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥላችሁ አክብዱት። የስልኩን ስክሪን ተጭናችሁ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። መጀመሪያ ባዶውን ግድግዳ ግማሽ ደቂቃ ቅረጹ። ከዚያ ስልኩን ማንም ሳይነካው ተዋናይቷ ገብታ ትራመድ። ኤዲት ላይ ሁለቱን ደርቡና የላይኛውን ኦፓሲቲ (የኋላውን የመሸፈን መጠን) ግማሽ አድርጉት። ጥለቱም ዘርፉም በቦታው ይቆያል፣ ድንጋዩም በውስጧ ይታያል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲት ፕሮግራም በነፃው ቅጂ ይሠራዋል፣ ካፕካትም ይሠራዋል። ብቻ ሁለቱን ሾቶች አከታትሉ፣ ሻይ ጠጥተን እንመለስ አትበሉ። ጥላው ይሄዳል፣ ደመና ይመጣል፣ ስትደርቡት ግድግዳው ይለወጥባችኋል።

ጥያቄ፦ አንድ ተዋናይ መንታ ሆኖ ከራሱ ጋር ገበጣ ሲጫወት ማሳየት ፈልጌ ነበር። ቀላል ነው ይሉኛል። ስሞክረው ግን እጁ መሃል ላይ ይቆረጣል። (የፒያሳው ልጅ)

መልስ፦ ቀላል ነው ያሉህ ሰዎች ገበጣ አይጫወቱም።

ዘዴው ራሱ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልዬስ፣ ወደ ሲኒማ ከመግባቱ በፊት የመድረክ ምትሃተኛ የነበረው ሰውዬ፣ በፈረንጆቹ 1898 የገዛ ራሱን ጭንቅላት አራት አድርጎ አሳይቷል። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ጥቁር መደብ አደረገ፣ ያንኑ ፊልም መልሶ እያጠነጠነ ደጋግሞ ቀረጸበት፣ አለቀ።

ያንተ ችግር ግን ጨዋታው ነው። ፍሬሙን (ካሜራው የሚያየውን ክልል) ለሁለት ከፍለህ ግራውን ከአንዱ ቴክ (ከአንዱ ዙር ቀረጻ)፣ ቀኙን ከሌላው ስትወስድ ያንን መስመር ማንም መሻገር የለበትም። ገበጣ ደግሞ መሻገር ነው። ጠጠሩን አንስተህ በየጉድጓዱ እየጣልክ ስትዞር እጅህ ባላጋራህ ጎን መድረሱ አይቀርም።

ስለዚህ ሰፊውን ሾት ለወሬ ብቻ አድርገው። ሁለቱ ይቀመጡ፣ ይተያዩ፣ አንዱ ይፎክር፣ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይሁኑ። ጨዋታው ሲጀመር ወደ ገበጣው ተጠግተህ እጅ ብቻ አሳይ፣ አንዱ እጅ የተዋናዩ፣ ሌላው ተመሳሳይ እጅጌ የለበሰ የጓደኛህ። የቆዳቸው ቀለምና የጥፍራቸው አቆራረጥ ከተቀራረበ ይበቃል። አንዳንዴ ደግሞ በጓደኛህ ትከሻ ላይ አሻግረህ የተዋናዩን ፊት ቅረጽ፣ ከኋላው ሲታይ ፀጉሩ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ። ተመልካች ሁለቱን አንዴ አብረው ካያቸው አመነ ማለት ነው፣ ሰፊው ሾት አምስት ሰከንድ ከቆየ ይበቃዋል።

ተዋናዩ ልብስ ሊቀይር ከመነሳቱ በፊት ጠጠሮቹን ፎቶ አንሳቸው። በየጉድጓዱ ስንት እንደነበረ ካላወቅህ ሁለተኛው ቴክ ላይ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል፣ ገበጣ የሚያውቅ ተመልካች ደግሞ ጎንደር ሙሉ ነው። የሚያይበትንም ቦታ አስተካክል። ከፊቱ አንድ ዘንግ አቁመህ በሌላኛው መንታ ዓይን ቁመት ፕላስተር ለጥፍለት፣ አለዚያ አንዱ ደረት፣ ሌላው ጣራ ሲያይ ይውላል። የመጀመሪያውን ቴክ ንግግርም ቅዳና ሁለተኛውን ሲጫወት በጆሮ ማዳመጫ ይስማው፣ መልሱ በሰዓቱ እንዲመጣ።

አየህ፣ ኢፌክቱ ያለቀው ወረቀት ላይ ሾቱን ስትስለው ነው። ላፕቶፑ ላይ ተቀምጠህ “አሁን እንዴት ላድርገው?” ካልክ ዘግይተሃል።

ጥያቄ፦ ማታ ቤት ውስጥ ስንቀርጽ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመሮች ይሄዳሉ። ውጭ ስንወጣ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው። መብራት ለመከራየት አቅም የለንም። (ከአዘዞ)

መልስ፦ መስመሮቹ የአምፖሉ ናቸው። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም። ብዙ ስልክ ደግሞ ከፋብሪካ ሲመጣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲቀርጽ ነው የተዘጋጀው፣ ሸተሩንም (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) በራሱ ይቀያይራል። እና አይገጣጠሙም። ፍሬሙን 25፣ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። የስልኩ ካሜራ ይህን ካልፈቀደ፣ ስልካችሁ ከተቀበለው፣ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ይህም ሆኖ መስመሩ ካልጠፋ አምፖሉን በሌላ ቀይሩት።

ለውጭው፣ ሌሊቱን በቀን ቅረጹት። ፀሐይዋ ከተዋናዩ ኋላ ትሁን፣ ፀጉሩና ትከሻው ላይ ብቻ ትረፍ፣ ጨረቃ የምትሆናችሁ እሷ ናት። ሰማይ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ፣ ሰማይ ከገባ ጉዱ ይወጣል። ብርሃኑን ሁለት ስቶፕ ያህል፣ ማለትም ወደ ሩብ፣ ቀንሱ፣ ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) 3200 ኬልቪን አካባቢ ስታደርጉት ምስሉ ሰማያዊ ይሆናል። ሌላው ምርጫ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለችው ጊዜ ናት። በጣም ታምራለች፣ ግን እኛ ጋ ግማሽ ሰዓት አትሞላም፣ ስለዚህ አንድ ሾት ብቻ ያዙላትና ቀድማችሁ ተለማመዱ።

ለቤት ውስጥ ደግሞ ያለ ኪራይ የሚገኝ ነገር አለ፣ እጣን። መስኮቶቹን ዝጉ፣ ማጨሻውን ከፍሬም ውጭ አድርጉ፣ ጭሱን በሰፌድ እያራገባችሁ ክፍሉ ውስጥ እኩል በትኑት፣ ከዚያ ትንሽ እስኪሳሳ ጠብቁ። መብራቱ ከኋላ ወይም ከጎን ከመጣ፣ መደቡም ጠቆር ካለ፣ ጨረሩ ተለይቶ ይወጣል። ከፊት ካበራችሁት ግን ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ ሌላ አታገኙም። አስም ያለበት ሰው ካለ መጀመሪያ ጠይቁ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ግን ጭስም እሳትም አታስቡ፣ በፈረንጆቹ 1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ አጭር ፊልም ጀምረው ነበር፣ ሁሉም ተዋናይ ካልሆንን ብለው ተጣሉ። የተቀረጸውም ድምፁ አይሰማም። አንድ የጥምቀት ትዕይንትም አለን፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ከየት እናመጣለን?

መልስ፦ መምህር፣ ሕዝቡን እርስዎ አያመጡትም፣ ጥር 11 ራሱ ይመጣል። የፋሲል መዋኛ አካባቢ ያለውን ሕዝብ ከሩቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይቅረጹ። ዋናው ተዋናይም የፊልሙን ልብስ ለብሶ ሕዝቡ መሃል ይለፍ። ንግግሩን ግን ያን ቀን አይሞክሩት። ሌላ ቀን፣ ፀጥ ባለ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ፊቱን ቀረብ ብለው ይቅረጹና ከኋላው አምስት ስድስት ነጠላ የለበሱ ልጆችን ያሳልፉ። ድሮን የሚያውስ ሰው ካለ ያለ ፈቃድ እንዳይነሳ።

ድምፁ ያልተሰማው ስልኩ ሩቅ ስለነበረ ነው። ሁለተኛ ስልክ ይፈልጉና ድምፅ መቅጃውን ከፍተው ተናጋሪው አጠገብ፣ ፍሬሙ ከሚያልቅበት ጫፍ ላይ ያስቀምጡት። ሁለቱም ስልኮች መቅረጽ ሲጀምሩ አንድ ልጅ ካሜራው ፊት ያጨብጭብ፣ ኤዲተሩ ምስልና ድምፁን በዚያች ጭብጨባ ያገጣጥማል። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ካሜራው የማያየው ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ይስቀሉ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

የልጆቹን ጠብ በተመለከተ፣ በየትዕይንቱ ያዟዙሯቸው። ዛሬ የተወነ ነገ ድምፅ ይያዝ። ቀረጻው ላይ ግን ከአምስት ልጅ በላይ አያስጠጉ፣ ሌላው ሰው ካሜራው ፊት እንዳያልፍ በር ይጠብቅ፣ እሱም ትልቅ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የተኩስ ኢፌክት እንዴት ይሠራል? የአሻንጉሊት ሽጉጥ አለን። መንገድ ላይ ነው የምንቀርጸው።

መልስ፦ አይሆንም፣ መንገድ ላይ አይሆንም። አሻንጉሊት መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ከሩቅ የሚያያችሁ ሰው አያውቅም። የወታደር ልብስም እንደዚያው። ብልጭታው ራሱ ከባድ አይደለም፣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ላይ ብቻ የሚገባ ብርሃን ነው። ግን ምን ያደርግላችኋል? ተኩሱን ከፍሬም ውጭ በድምፅ አሰሙንና ካሜራውን የሰማው ሰው ፊት ላይ አቆዩት። ድምፁን ከኢንተርኔት ስታወርዱ በነፃ እንድትጠቀሙበት የተፈቀደ መሆኑን አይታችሁ ይሁን። ሙዚቃውንም እንደዚያው፣ አለዚያ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት የቅጂ መብት ጥያቄ ይመጣባችኋል።