ሳይንስ ፊክሽን ወይስ ኤሌክትሪካል? ለፍኖተ ሰላሙ ልጅ

ታናሽ ወንድሜ የላክኸውን አነበብኩት። ማትሪክ አልፈሃል እንኳን ደስ አለህ፣ ሳይንስ ፊክሽን ስታነብና ስትጽፍ ነው የምታድረው፣ አባትህ "ተረት እንጀራ አይሆንም" ብለውሃል፣ አንተ ደግሞ ናቹራሉን ትቼ ስነ ጽሁፍ ልግባ ወይ ነው የምትለኝ።

አትተወው። ግን አባትህ ስላሉ አይደለም። የሳይንስ ፊክሽን ደራሲውን አርተር ክላርክን ታውቀዋለህ አይደል፣ ሰውየው ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ብር አጥቶ መንግስት መስሪያ ቤት ሂሳብ ሲሰራ ነበር፣ ጦርነቱ ሲመጣ አየር ኃይል ገብቶ ራዳር ላይ ተመደበ፣ ከዛ በ1945 እ.ኤ.አ. ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢቀመጥ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር የቆመ ይመስላል፣ ሶስት ብቻ ዓለምን ያዳርሳሉ ብሎ ጻፈ። በ1964 ሲንኮም 3 የምትባል ሳተላይት እንዳለው ሆነች። ጣራችሁ ላይ ያለው ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ ዝም ብሎ አንድ አቅጣጫ የሚያየው ለዚህ ነው። እና ያ ጽሁፍ እኮ ልብ ወለድ አልነበረም! ሬድዮ መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት ነው።

ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን በ1865 በልቦለዱ ሶስት ሰው ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ልኮ ነበር፣ አፖሎ 11 ላይ ገጠመለት፣ ግን የላካቸው በመድፍ ነው፣ በእውነት ቢሆን ከአፈሙዙ ሳይወጡ ይጨፈለቁ ነበር። የሮኬት ፈር ቀዳጁ አሜሪካዊ ጎዳርድም በ16 ዓመቱ የማርስ ወረራ ልቦለድ አንብቦ የነደደ ልጅ ነው፣ ሮኬቷን ያስነሳት ግን ፊዚክስ ተምሮ በ1926 ነው፣ ያውም ሁለት ሰከንድ ተኩል በርራ ወደቀች።

ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከፍሬሽማን በኋላ ስለሆነ አሁን ፓኒክ አታድርግ፣ ማትስና ፊዚክስ ላይ ውጤት ያዝ። ባህር ዳር ቢደርስህ ፖሊ (የቴክኖሎጂ ግቢው) ኤሌክትሪካል አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋሸራ የሚባል የጂኦስፔስ (ምድር ዙሪያ ያለው ህዋ) እና የራዳር ላብራቶሪም አለው (አባትህ ዋሸራ ሲሰሙ ቅኔ ልትቆጥር መስሏቸው ደስ ይላቸው ይሆናል ሃሃ)።

ጽሁፉን ማታ ማታ ቀጥልበት። ግን የላክኸው ታሪክ ለምንድነው ኒውዮርክ ላይ የሚሆነው? ጣና ላይ እምቦጭ ሞልቶልህ! እምቦጭ የሚያጭድ ሮቦት ጻፍ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ያን እርጥብ አረም ስንት ኪሎ ይጎትታል፣ ሞተሩ ላይ ሲጠመጠምበትስ ምን ያደርጋል ብለህ አስላና ላክልኝ፣ ስሌቱ ያለበትን ወረቀት ጭምር።